ጋቢ ሥር የጠፋው ሕመም

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ብዙም ጊዜ አልሆነውም። ግን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ድንገት ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ «ደግሞ ምን አየህ?» ትለኛለች። ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ፤ አንብባችሁ ብትስቁብኝም አልቀየምም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅጋ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በእግር በምትረገጥ መኪናዬ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የነጠላና የጋቢ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ይህን ስናገር አላፍርም። ጅጋ ውስጥ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ማፈሩ ራሱ ጊዜ ማባከን ነው። ቅቤ ይዞ ለገበያ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ያውቀዋል። ሕመሜን አይቼው የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የወደቀ ሰው ራሱን አያይም፤ የምነቃው ሁሉም አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ስነቃ ደግሞ የማየው ጨርቅ ነው።

በእኛ አገር ሰው ሲጥለው ይሸፈናል። ጋቢ የለበሰ በጋቢ፣ ነጠላ የለበሰች በነጠላ። የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ነው፤ ክብሩም እንዳይነካ ነው። ለሃጩ ይጋባል የሚሉም ስላሉ ቀርቦ የሚያለብስ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከሩቅ ይወረውራል። ከዚያ አንድ ደፋር ይመጣና ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ክብሪት ይጭርና ጢሱን ያሸተኛል። በክብሪት ጢስ ስንት ጊዜ እንደታጠንኩ እኔና አፍንጫዬ እናውቃለን።

ይህን ልማድ በእኔ ላይ የጀመሩት አባቴ ናቸው። አባባ ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። መጀመሪያ የወደቅሁት በልጅነቴ፣ በአጎቴ ሰርግ፣ ዳሱ በሰው ጢም ብሎ ነው አሉ። አባባ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ከራስ እስከ እግር ሸፈኑኝና አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ለመጣ ሁሉ «ልጄ ተኝቷል» ይላሉ። እስክስታው መሬቱን በሚያንቀጠቅጥበት ዳስ መሃል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየ ሁሉ እንደ እርሳቸው አደረገ።

ሙያዬ ሆኖ የተሸፈንኩበትን ጨርቅ በጥለቱና በስፌቱ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ስገልጥ «አሃ፣ ይህ የእትዬ ጥሩዬ ነጠላ ነው» እላለሁ፤ ጠርዙን የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም አንድ ቢሮ ተሰልፌ ወድቄ፣ ስነቃ የእህል መሸፈኛ ሸራ ሥር ነኝ። ቡሬ፣ በትርንጎ እህት ሰርግ ላይ ደግሞ ዓይኔን ስገልጥ ከላዬ ወርቅ ያብረቀርቃል። በስመ አብ! ሞቼ ገነት የገባሁ መሰለኝ። ለካ የሙሽራው ካባ ነው። ሙሽራው በሸሚዙ ቆሞ ያየኛል። እኔም ነፍሴን በቅጡ ሳልሰበስብ መጀመሪያ ያሰብኩት ገበሩ እንዴት እንደተበላሸ ነው። የቡሬ ልብስ ሰፊዎች ይቅር ይበሉኝ፣ ያ ገበር አልተሰፋም፣ ተጣበቀ እንጂ።

ከሁሉ የባሱት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። ከሱቄ ጎን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ከመውደቄ በፊት ዝም እንደምል ደርሰውበታል። ስለዚህ ዝም ካልኩ ነጠላው ይመጣል። ታዲያ ሰው በሌላም ምክንያት ዝም ይላል እኮ! መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ ትንፋሼን እይዛለሁ። ክሩ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሶ ገባ ስል፣ ዓለም ይጨልማል።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ኧረ ደህና ነኝ!»

«ታዲያ ምን ዝም ያሰኝሃል፣ ልጄ?»

ከዚያ በኋላ ክር ሳስገባ መዝፈን ጀመርኩ። ድምፄ የሚያስመሰግን አይደለም። ግን ከመሸፈን ይሻላል።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ አወራዋለሁ እንጂ ነገሩ ሳቅ ብቻ አልነበረም። መድኃኒት ሳልወስድ ቀርቼ አይደለም። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላ ተሰጠኝ፣ በሱ ላይ ሌላ ተጨመረልኝ። እኔ መድኃኒቱን አልረሳም፣ ሕመሙም እኔን አይረሳም። ጠበልም ተጠምቄያለሁ። ትርንጎ የከሰል ካውያ እንዳልነካ ከከለከለችኝ ቆይታለች፤ ልብሱን እኔ እሰፋለሁ፣ የምትተኩሰው እሷ ናት። ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት አንድ ነገር ነው። ቤዛ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ ያኔ መራመድ የጀመረች ሰሞን ነበረች። ልጄን ቆሜ አቅፌያት አላውቅም ነበር። ሳቅፋት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ ትርንጎ ከጎኔ ሆና ነው። እጆቿን ሽቅብ ዘርግታ አንሳኝ ስትል፣ እኔ ቁጭ እላለሁ። ይህ አንገበገበኝ። ከመውደቁ ሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነበር።

ፍኖተ ሰላም የሚከታተለኝ ሐኪም አንድ ቀን «ከዚህ በላይ እኔ አልችልም» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን ከአባባ ጋር ሄድን። የተቀበለችን የአንጎል ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ ግን ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ።

«ያንተ ሕመም መድኃኒት እንቢ ያለው ነው» አለችኝ። «ግን አንጎልህ ውስጥ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚነሳ ከሆነ፣ ያንን ቦታ አግኝተን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻል ይሆናል።»

«የት ነው ያለው ታዲያ?» አሉ አባባ፣ ስለ ጠፋ በሬ እንደሚጠይቅ ሰው።

«እሱን ነው የምንፈልገው፣ አባ።»

ኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ ከራሴ በቀኝ በኩል አንድ የሚያጠራጥር ነገር አሳይቷል። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም አለች። ሲጀምረኝ ምን እንደምሆን መታየት አለበት፤ የቱ እጄ ቀድሞ እንደሚገተር፣ ፊቴ ወዴት እንደሚዞር። የአንጎል ቀኙ የሚያዘው ግራ እጅን ነው፣ ግራው ደግሞ ቀኝ እጅን። ስለዚህ አጀማመሩ መነሻውን ይናገራል። ቦታውን ስቶ መቅደድ የለም፤ ልብስ አይደለም፣ ፈትተህ መልሰህ አትሰፋውም። ይህችኛዋ የኔ ንግግር ናት፣ ሐኪሟ ግን ወደደቻት።

ከዚያ ወደ አባባ ዞረች። «ሲጀምረው መጀመሪያ ምን ይሆናል?»

«ዝም ይላል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንሸፍነዋለን።»

«ከሸፈናችሁት በኋላ ምን ያደርጋል?»

አባባ በጣም ተገረሙ። «ከተሸፈነ በኋላ እንዴት ይታያል፣ ልጄ?»

ሐኪሟ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። አገር ምድሩ አይቶታል እያልኩ የምሸማቀቅበት ሕመም፣ ለካ አጀማመሩን አንድም ሰው አላየውም! ይህን ሁሉ ዘመን ያዩት ጋቢ ነው።

«ቤት ስትገቡ በስልክ ቪዲዮ አንሱትና ላኩልኝ» አለችን። «ከመነሻው ጀምሮ፣ ሳይሸፈን። በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ያለውን ስለት ነገር አርቁ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ክብሪትም ይቅር። እኔ ደግሞ አልጋ ሲገኝ እጠራችኋለሁ።»

ጅጋ ስንመለስ ትርንጎ በረንዳ ለበረንዳ እየዞረች አዋጅ ነገረች። ከእንግዲህ ሲጥለው ማንም እንዳይሸፍነው፣ ሐኪም ከልክሏል። ሁሉም እሺ አለ። እትዬ ጥሩዬም በማርያም ምለው እሺ አሉ።

ቀኑ ሲደርስ ግን እጃቸው ቀደማቸው። ትርንጎ ስልኩን ከኪሷ ሳታወጣ ነጠላው እላዬ ላይ ነው። ያም ሆኖ ይሻላል ብላ ቀረጸችው። እኛም ላክነው። ሐኪሟ በቴሌግራም መለሰች፦ «ነጠላው ያምራል። ሰውዬው የት አለ?»

ለሚቀጥለው ጊዜ ትርንጎ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ሰነበተች። ሕመሙ መጣብኝ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ግን የመኪናዬ መርገጫ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማና መሬት ነው። ከላይ «የኔ ጌታ፣ የኔ ጌታ» የሚል ለቅሶ ይሰማል። ምስኪን፣ በአንድ እጇ ራሴን ደግፋ በሌላው እየቀረጸች እንዴት ይሆንላታል። ተቆጣሁ ልበል? እንዴት ብዬ! ቪዲዮውን ሁለቴ ሰማሁትና ወደ ጓዳ ገብቼ ዓይኔን አበስኩ።

ከዚያ ደምሰው መጣ። ደምሰው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ወንበሩን የማለብስለት እኔ ነኝ። «ለኔ ተዉት» አለ። «ሴቶች ይደነግጣሉ። እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምቀርጸው።» በገበያ ቀን፣ ሰው እንደ ጉድ በፈሰሰበት ሰዓት ጣለኝ። ደምሰው ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ቀረጸ። እውነትም ቀጥ ብሎ ነው። የካሜራው አቅጣጫ ግን ወደ ራሱ ነበር። ቪዲዮው ሙሉውን ደምሰው ነው፤ የደምሰው ግንባር፣ የደምሰው አፍንጫ፣ ደምሰው ምራቁን ሲውጥ። ከጆሮው ጀርባ አንድ ጋቢ ሲበር ለአፍታ ይታያል። ያ እኔ ጋ እየመጣ ነው።

ሐኪሟ ጻፈች፦ «ሹፌሩ ግን ደህና ነው? በጣም ደንግጧል።» ቀጥላም፦ «በቃ፣ አልጋ ተገኝቷል። ኑ።»

ትርንጎ ከቤዛ ጋር ቀረች። እኔና አባባ ሄድን። ራሴን በገመድ ሞሉት፤ ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ በሙጫ ራሴ ላይ ተለጠፉ። ገመዶቹ ተሰብስበው ወደ አንድ ማሽን ይገባሉ፣ ማሽኑ የአንጎሌን ሞገድ ሌት ተቀን ይስላል። ግድግዳው ላይ ካሜራ አለ፣ ዓይኑ አልጋዬ ላይ። መድኃኒቴን ሐኪሟ ራሷ ቀስ በቀስ ቀነሰችው፤ ሕመሙ እንዲመጣ ነው። (ይህን ቤቱ የሚሞክር እንዳይኖር፣ እዚያ እኮ ነርሶች በር ላይ ቆመው ነው።)

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሕመሜ ግን ወግ አያውቅም። በሰርግ የመጣ፣ በሰልፍ የመጣ፣ በቅዳሴ መሃል የመጣ ሕመም፣ ገመድ ተለጥፎለት፣ ካሜራ ተተክሎለት፣ ነርስ ተመድቦለት ሲለመን ቀረ። ሐኪሟ ጠዋት ትመጣና «እህ?» ትላለች። «ምንም የለም» እላለሁ፣ እንዳልቀጠሩት ሥራ ፈላጊ አንገቴን ደፍቼ። እንቅልፌን እንድቀንስ ታዘዘ። አባባ እንዳልተኛ ዳዊት ይደግሙልኛል፤ እርሳቸው ሲደግሙ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ነው።

አንድ ጠዋት ሐኪሟ ገብታ አባባ ቆመው ሲጸልዩ አገኘቻቸው። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቀችና «አባ፣ ምን ብለው ነው የሚጸልዩት?» አለቻቸው።

«ምን ብዬ እጸልያለሁ፣ ልጄ? ይህ ክፉ ነገር ልጄ ዘንድ እንዳይደርስ ነዋ።»

«አባ!» አለች ሐኪሟ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና። «እኛ እኮ እንዲመጣ ነው የምንጠብቀው!»

አባባ ደነገጡ። «ታዲያ ደዌ ላክልኝ ብዬ እንዴት እለምናለሁ? ቄስ እኮ ነኝ!»

ሁለቱም ተያዩ። እኔ በገመዶቼ መሃል ሆኜ ሳቄ መጣ፣ ማሽኑ ላይ መስመሮቹ ተዘበራረቁ፣ ነርሷ «ሕመሙ መጣ!» ብላ ሮጣ ገባች። ሳቅ ነው አልናት። አባባ ቀኑን ሙሉ ሲያስቡበት ዋሉ። ማታ ላይ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ለእግዚአብሔር ነገሩን ሲያስረዱ ሰማኋቸው። «ይምጣ፣ ይታይ፣ ታይቶም ይሂድ። ከመጣ በኋላ መሄዱን አትርሳ፣ አባቴ።»

በማግስቱ አዲስ አበባ ያሉት የአክስቴና የአጎቴ ልጆች ሊጠይቁኝ መጡ። ብዙ ሰው መግባት አይፈቀድም። የኛ ሰው ግን በሽተኛ ሳይጠይቅ አይመለስም። በር ላይ አንዱ ወንድሙ ነኝ፣ ሌላው ወንድሙ ነኝ፣ ሌላዋ እህቱ ነኝ እያሉ ዘበኛውን አልፈው ክፍሏን ሞሏት። ሙዝና ብርቱካን አልጋዬ ሥር ተከመረ። «እግዜር ይማርህ» ሲሉኝ «አሜን» እያልኩ ስለ ጅጋ ወሬ እየነገርኳቸው ነበር። የደምሰውን ቪዲዮ ማውራት እንደጀመርኩ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም።

ዓይኔን ስገልጥ ጣሪያ አየሁ። ነጭ ጣሪያ፣ መብራት፣ አንዲት ዝንብ። በሕይወቴ ከሕመሜ ስነቃ ጣሪያ አይቼ አላውቅም። ጨርቁስ? ክው አልኩ። ዘመዶቼ ጥለውኝ የሄዱ መሰለኝ። አንገቴን ዞር ሳደርግ አልጋዬ ግርጌ የአባባን ጀርባ አየሁ። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ የለም። የሆነው ግን ያኔ አልገባኝም፤ ራሴ እንደ ድንጋይ ከብዶኝ መልሼ ተኛሁ።

ከሰዓት ሐኪሟ መጥታ ዊልቸር ላይ አስቀምጣ ወደ ኮምፒውተሩ ወሰደችን። «ማየት ትፈልጋለህ? ብትፈራ አትይ» አለችኝ። እኔ ያላየሁት ሕመም! «አሳይኝ» አልኳት።

አየሁ። አልጋው ላይ እያወራሁ ነው። «ደምሰው ታዲያ...» አልኩና አቆምኩ። ዓይኔ ባዶ ሆነ፣ አፌ የማይታይ ነገር ያላምጣል። ቀኝ እጄ ደግሞ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያዘና እየዳሰሰ፣ እየቆነጠረ፣ እያጠፈ ሄደ። መርፌ የለ፣ ክር የለ፣ እኔ እየዘመዘምኩ ነው! «ሕመሜም ልብስ ሰፊ ነው እንዴ?» አልኩ። ከዚያ ግራ እጄ ቀስ ብሎ እንደ ብረት ተገተረ፣ ፊቴ ወደ ግራ ዞረ።

ይህን ጊዜ ነው ዘመዶቼ የተነሱት። የጅጋ ልጅ አዲስ አበባ ቢኖርም የጅጋ ልጅ ነው። የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን ገፈፈችና ወረወረች። ነጠላው አየር ላይ ተዘርግቶ ወደኔ ሲመጣ ይታያል። አባባ ከተቀመጡበት ተነስተው በአንድ እጃቸው ቀለቡት። በዚያ ዕድሜያቸው! እንደሳቸው ያለ በረኛ አይቼ አላውቅም። የአጎቴ ልጅ ጃኬቱን ሲያወልቅ በመቋሚያቸው ገፋ አድርገው አስቀመጡት።

ቀጥሎ አባባ የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው ሲያወርዱ አየሁ።  «በቃ፣ ሸፈኑኝ» አልኩ። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ገመድ ከንቱ ሊቀር ነው።

አባባ ግን ወደኔ አልመጡም። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ፊታቸውን ወደ ዘመዶቼ አዙረው፣ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እንደ መጋረጃ ዘረጉት። ካሜራው ከላይ ሙሉ አካሌን ያያል። ዘመዶቼ የሚያዩት ጋቢ ብቻ ነው። እርሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም። ነርሷ ደርሳ በጎኔ ስታስተኛኝ፣ ስንቀጠቀጥ፣ ተንቀጥቅጬ ሳበቃ፣ አባባ እጃቸውን አላወረዱም። ክንዳቸው ሲዝል፣ ጋቢው ዝቅ ሲል፣ መልሰው ከፍ ሲያደርጉት ይታያል።

ቪዲዮው አለቀ። ቀና ብዬ አባባን አየኋቸው፤ መስኮት መስኮት ያያሉ።

«አባባ» አልኳቸው። «እንዴት አሰቡት?»

«ምኑን አሰብኩት?» አሉ እንደ መቆጣት ብለው። «ሐኪሟ ትይህ ተባለ፣ ትይህ። የአጎትህ ልጆች ግን ምን ቤት ናቸው?»

ሐኪሟ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ዓይኗን ግን እየጠረገች ነበር። እኔም እንደሷው ነኝ፣ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ።

«ግራ እጅህ ነው የተገተረው፣ ፊትህም ወደ ግራ ነው የዞረው» አለችኝ። «መነሻው በቀኝ በኩል ነው። ማሽኑም ይህንኑ ነው የሳለው፣ ኤምአርአዩም ያሳየው እዚያው ነው። ሦስቱም ተስማሙ። አባ፣ የጠፋው ተገኘ።»

«ተመስገን» አሉ አባባ። ጋቢያቸውን ለበሱ።

ከዚያ በኋላ ሌላም ምርመራ ነበረ፣ ወረፋም ነበረ፣ ፍርሃትም ነበረ። ስንቱን ላውራው። በጋው ሳያልቅ ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ስነቃ መጀመሪያ መርፌና ክር ስጡኝ አልኩ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሲሰጡኝ ክሩን በአንዴ አስገባሁት፣ እየዘፈንኩ። ነርሶቹ አጨበጨቡ። ለክሩ መሰለኝ እንጂ ለድምፄ አይደለም።

እስከዛሬ አልጣለኝም። መድኃኒቴን አሁንም እወስዳለሁ፤ ሐኪሟም «ገና ነው፣ አትኩራራ» ብላኛለች። አልኩራራም። ካውያውንም ገና አልነካሁም። ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለክትትል ሄጄ አንድ ነገር ለመንኳት። አሰበችና «አሁን ይቻላል፣ ሰው አብሮህ ይሁን» አለችኝ።

ሰው አብሮህ ይሁን የሚባለው ጅጋ አይደለም!

ጅጋ በገባሁ በበነጋው ጠዋት፣ ጭጋግ እንዳለ፣ ቤዛ በሩ ላይ እጆቿን ሽቅብ ዘረጋችልኝ። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ቆሜ! ከብዳለች፣ አድጋብኛለች። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከጎኔ ተከተለችኝ። ከቤቴ እስከ ሱቄ ያለችው መንገድ አጭር ናት፤ ያን ቀን ግን ሰው ከየበረንዳው ተነሳ። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ሥጋ ሻጩ ካፖርቱን ይዟል። ደምሰው ባጃጁን አቁሞ ይቀርጻል። ካሜራውን ወደኔ ማዞሩን ጮክ ብዬ ጠየቅሁት፣ አዙሬያለሁ አለ። እኔም ዝም እንዳልል ፈርቼ መንገዱን ሁሉ እየዘፈንኩ ሄድኩ። ቤዛ በእጇ አፌን ልትይዘኝ ትሞክራለች። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ወደፊትም ይኖር እንደሁ አላውቅም።

ሱቄ ጋ ልደርስ ስል ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል አባባ ናቸው። በዚያ ብርድ በቀሚሳቸው ብቻ፣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ እርምጃ በእርምጃ ይከተሉኛል።

«አባባ፣ አልወድቅም እኮ» አልኳቸው። «ይልበሱት፣ ብርድ ነው።»

«ሂድ፣ ሂድ፣ ወደፊትህ እይ» አሉኝ። «ሞቆኝ ነው ያወለቅሁት።»

ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ እየሰማሁ፣ ልጄን አቅፌ ሄድኩ።